ባምቢና የጅቡቲ ልጆች

በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ የተሠራው «ባምቢ» የተባለው የካርቱን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በነሐሴ ወር 1942 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በለንደንና በኒው ዮርክ ነበር። በጦርነቱ ዘመን የጅቡቲ ከተማ ፊልም የምታስብበት ጊዜ አልነበረም። ቅኝ ግዛቱ ለቪሺው የፈረንሳይ መንግሥት ታማኝ ሆኖ በመቆየቱ እንግሊዞች በባሕርም በየብስም ከበውት ነበርና ሕዝቡ በረኀብና በምግብ ጉድለት በሚመጣ በሽታ ይሠቃይ ነበር። ከተማይቱ በነፃ ፈረንሳይ ኃይሎች እጅ የገባችው በታኅሣሥ 1942 ነው።

ያው ጦርነት ፊልሙንም ጎድቶታል። የአውሮፓ ገበያ ስለተዘጋ በመጀመሪያው ዙር ወጪውን እንኳ አልሸፈነም። በአሜሪካ አዳኞችም ስማችንን አጠፋው ብለው ተቆጡ። ዳሩ ግን በ1947፣ በ1957፣ በ1966፣ በ1975፣ በ1982ና በ1988 እንደገና ለሲኒማ ቀርቦ በየጊዜው አዲስ የሕፃናት ትውልድ አገኘ።

ለምን ይሆን? ታሪኩ የተወሰደው ፌሊክስ ዛልተን የተባለው የቪዬና ደራሲ በ1923 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ደራሲው አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች መጽሐፉን በ1936 አገዱበት፤ እርሱም በስደት ሳለ በ1945 ዙሪክ ውስጥ አረፈ። እንግዲህ መሸሽንና መታደድን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው። ሠዓሊዎቹም በበኩላቸው ሕያዋን የአጋዘን ግልገሎች ስቱዲዮ ድረስ አስመጥተው አረማመዳቸውን አጥንተዋል። ጭጋጋማውን ደን የነደፈው ቻይና የተወለደው ታይረስ ዎንግ ሲሆን መነሻው የአገሩ ጥንታዊ የመልክዓ ምድር ሥዕል ነበር።

በእኛ ተረቶች ጦጣና ጅብ እንደ ሰው ይናገራሉ፣ እንደ ሰውም ይታለላሉ። ጅቡ ሲሞኝ እንስቃለን እንጂ ማንም ልጅ አያለቅስለትም። ባምቢ ግን ሲፈራ ፍርሃቱ የአውሬ ፍርሃት ነው። እናቱ ስትገደል ሬሳዋ አይታይም፣ ገዳዩም አይታይም፤ ተኩሱ ብቻ ይሰማል፣ ከዚያ በበረዶው ውስጥ ልጁ ይጣራል። የጥንቸሉ ቀልድና መዝሙሮቹ በእኔ አስተያየት ትንሽ በዝተዋል፤ ያቺ አጭር ትዕይንት ግን ትበቃለች።

ለጅቡቲ ተማሪ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ዱዳ አካባቢ ደካን የተባለ የዱር አራዊት መጠለያ አለ። ከሚጠለሉት መካከል ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ሊሸጡ ሲሉ ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተያዙ አቦ ሸማኔዎች ይገኛሉ። ነጋዴዎቹ ግልገሎቹን የሚወስዱት እናቲቱን ገድለው ወይም ለአደን በወጣችበት ሰዓት ጠብቀው ነው። አደንን ከእናቱ ያልተማረ ግልገል ደግሞ ወደ ዱር ቢለቀቅ ራሱን መመገብ ያቅተዋል። ባምቢን እናቱ ከሞተች በኋላ አባቱ ወስዶ አሳድጎታል፤ ወንዱ አቦ ሸማኔ ግን ልጅ የማሳደግ ልማድ የለውም።