የትርፍ ድርሻ ታሪክና ምጣኔ

የትርፍ ድርሻ ማለት አንድ የአክሲዮን ማኅበር በዘመነ በጀቱ ካገኘው ትርፍ ላይ ግብሩንና ሕግ ያዘዘውን መጠባበቂያ ካነሣ በኋላ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ለባለአክሲዮኖቹ የሚያከፋፍለው ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ ከዓመት ወደ ዓመት ተመዝግቦ ሲታይ የትርፍ ድርሻ ታሪክ ይባላል፤ አክሲዮኑ በገበያ ለሚያወጣው ዋጋ ተካፍሎ በመቶኛ ሲገለጽ ደግሞ የትርፍ ድርሻ ምጣኔ ይሆናል።

በኢትዮጵያ የንግድ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ፣ በዚያው ዘመን የወንጂን ስኳር የሚያመርተው ኤች.ቪ.ኤ.ን የመሳሰሉ ማኅበራት አክሲዮኖቻቸውን ለሕዝብ ሸጠው፣ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር አነስተኛ የአክሲዮን መገበያያም ቆሞ ነበር። ይሁን እንጂ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ታላላቅ ድርጅቶች በመንግሥት ሲወረሱ መገበያያው ተዘጋ፣ የትርፍ ድርሻውም መዝገብ ተቋረጠ። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. እስከ ተቋቋመ ድረስ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የግል ባንክ ባለአክሲዮን የሚባል ሰው በአገሩ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የተለመደው አቆጣጠር ግን አንድ ጉድለት ይዞ ኖረ። ባንኮች ሒሳባቸውን በሰኔ ወር ዘግተው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ጉባኤ ሲጠሩ፣ ትርፉ የሚነገረው በአክሲዮኑ የተመዘገበ ዋጋ ልክ ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር፣ በሰንጋ ተራ ከቆሙት ባንኮች በአንዱ የተመዘገበ ዋጋው 1,000 ብር የሆነ አክሲዮን ያለው ሰው 300 ብር ቢደርሰው፣ ወሬው «ባንኩ 30 በመቶ ከፈለ» የሚል ይሆናል። የዚያንኑ ባንክ አክሲዮን ከሌላ ሰው እጅ በ2,500 ብር ለገዛው ጎረቤቱ ግን ምጣኔው 12 በመቶ ብቻ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በመጀመሪያ ደንግጎት በነበረው የ10 በመቶ ግብር ቢሰላም 270 ብር ይቀርለታል፣ ምጣኔውም ወደ 10.8 በመቶ ይወርዳል። በዓመቱ አጋማሽ አክሲዮን ገዝቶ የገባ ሰው ደግሞ፣ ትርፉ ገንዘቡ በባንኩ በሠራበት ጊዜ ልክ ስለሚሰላለት፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ከነበረው ጋር እኩል አይካፈልም። ይህን ሳይለይ በጉባኤ በተነገረው ቍጥር ብቻ ጥሪቱን የሚያውል ሰው ብዙ መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

ታሪኩንም ሲያነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል መጀመሪያ ወደ 2 ቢሊዮን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ባደረገ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ባንኮች ድርሻውን በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ ወደ አክሲዮን እንዲለወጥ ባለአክሲዮኖቻቸውን ጠየቁ። አክሲዮኑም ስለ በዛ፣ ጠቅላላ ትርፉ እያደገ ሳለ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ሊያንስ ይችላል፤ እንዲህ ያለው መቀነስ የድክመት ምልክት አይደለም። የኑሮ ውድነት ከምጣኔው በልጦ በሚሄድበት ዓመት ደግሞ ባለአክሲዮኑ ትርፍ ተቀብሎም ገንዘቡ የመግዛት ኃይሉን ያጣበታል።

በውጭ አገር የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ሙዳይ ሰብስቦ ራሱ እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥ ፈንድ አለ። ከእነዚህ ዝነኛ የሆነው፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያዎች ዝርዝር የሚከተለው ስፓይደር፣ በጥር 1985 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ከኩባንያዎቹ የሚሰበስበውን ድርሻ ወጪውን ቀንሶ በየሦስት ወሩ ያከፋፍላል። በ2001 ዓ.ም. በዓለም ገንዘብ ቀውስ ዋጋው ሲወድቅ፣ የአሥራ ሁለቱ ወር ክፍያ ለወደቀው ዋጋ ስለ ተካፈለ ምጣኔው ከ3 በመቶ በላይ ወጣ፤ ወዲያውም ኩባንያዎቹ ክፍያቸውን ስለ ቀነሱ የፈንዱ ድርሻ ራሱ አነሰ። ስለዚህ ከፍ ያለ ምጣኔ ሲታይ፣ የጨመረው ክፍያው ነው ወይስ የወደቀው ዋጋው ብሎ ከታሪኩ ጋር ማመሳከር ይገባል።

በኢትዮጵያ የምጣኔው ስሌት በጽኑ መሠረት ላይ ሊቆም የቻለው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቍጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ ነው። የቀድሞው መገበያያ ከተዘጋ ወዲህ አክሲዮን በግል ስምምነት ወይም በጨረታ ይተላለፍ ስለ ነበር፣ ለማካፈያ የሚሆን በየዕለቱ የሚታወቅ ዋጋ አልነበረም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ።