ያገለገለ ተሽከርካሪ ሽያጭ፦ የስም ዝውውር ለምን አይዘነጋም?

ያገለገለ መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል በግል ሲሸጥ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ቁልፍ ማስረከብ የጉዳዩ ፍጻሜ አይደለም። ሊብሬው በገዢው ስም እስኪዛወር ድረስ በመዝገብ ባለቤት ሆኖ የሚታየው ሻጩ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081፣ ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ ስሙ ሳይዛወር አደጋ ቢደርስ፣ ሻጩ ከሸጠ በኋላም ለክስ ሊጋለጥ ይችላል።

ወጪና እንግልት ለመቀነስ በውክልና ብቻ የሚሻሻጡ ጥቂት አይደሉም። ይህ መንገድ ለገዢውም አያስተማምንም። ውክልና ሊሻር ይችላል፤ በመርሕ ደረጃም ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። ያን ጊዜ ገዢው ከወራሾች ጋር ሙግት ሊገጥመው ይችላል።

ገዢው ከመክፈሉ በፊት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክር፤ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩንም ተሽከርካሪው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ያጣራ። ንብረቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ ሁለቱም ይስማሙ። ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ከጸደቀ በኋላ የስም ዝውውሩ ሳይዘገይ ይፈጸም። ሻጩም የጸደቀውን ውል ቅጂ በእጁ ያቆይ።