ሁለት ወንበር የነበራቸው ከንቲባ

ክሎቨር ሙር እ.ኤ.አ. በ1988 ያለ ፓርቲ ተወዳድረው በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ገቡ። በ2004 የሲድኒ ከንቲባነትን ደረቡ። የከንቲባነት ደመወዛቸውንም ለበጎ አድራጎት ይሰጡ ነበር፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

በ2012 ሁለቱን ሥልጣን አንድ ሰው እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ ወጣ። እኛም ሊቀ መንበሯ ገንዘብ ያዥ እንዳትሆን እንከለክላለን፤ ደንቡ በራሱ አይከፋም። ግን ብዙዎች እሳቸውን ለማስወጣት የወጣ ነው ብለው ሕጉን በስማቸው ጠሩት።

በዚያው ዓመት ከንቲባነቱን ዳግም አሸነፉና የምክር ቤቱን ወንበር ለቀቁ። በጥቅምት ማሟያ ምርጫ ተደረገ። ወንበሩን ግን ፓርቲዎቹ አላገኙትም፤ እሳቸው የደገፉት የግል ተወዳዳሪ አሌክስ ግሪንዊች ወሰደው።