የማኒንግ ቀለበት የማን ነው?

አሜሪካኖች “ፉትቦል” የሚሉት ጨዋታ እኛ ከምናውቀው ኳስ ጋር የሚገናኘው በስሙ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጓዘው በእጅ ነው። ለማን እንደሚወረወር የሚወስነው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል። ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚወደሰው፣ ሲሸነፍም የሚረገመው እሱ ነው። ይህ ፍርድ ምን ያህል ሚዛን እንደሚጎድለው ለማየት ከጃንዋሪ 2007ቱ ክርክር የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ክርክሩ ስለ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትሱ ፔይተን ማኒንግ ነበር። ሰውየው በ2004 የውድድር ዘመን 49 ኳሶችን ለታችዳውን (የእነሱ ጎል በሉት) አቀብሎ የዳን ማሪኖን የ48 ክብረ ወሰን ሰብሯል። ለደጋፊዎቹ ይህ በቂ ነበር። ሌሎቹ ግን ዋንጫው የታለ ይሉ ነበር። ማሪኖስ ቢሆን ያን ሁሉ ክብረ ወሰን ታቅፎ አንድም ሱፐር ቦውል ሳያነሳ አይደል ጫማውን የሰቀለው?

በዚያ ላይ ጃንዋሪ 21 ቀን የሚጠብቁት ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ነበሩ፤ ሦስት ሱፐር ቦውል ያነሳው ቶም ብሬዲ ያለበት ቡድን። ፓትሪየትስ ኮልትስን በጃንዋሪ 2004 24 ለ14 አሰናብተውታል፤ በዚያን ዕለት ማኒንግ አራት ኳስ ተነጥቋል። በዓመቱም፣ ያው የ49ኙ ክብረ ወሰን ዘመን ሲያበቃ፣ 20 ለ3 ደገሙት።

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። ኮልትስ ለዚህ ጨዋታ እንዴት በቃ? ማኒንግ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች አንድ ታችዳውን አቀብሎ አምስት ኳስ ተነጥቋል። ቡድኑን ያሻገረው ዓመቱን ሙሉ ሲተች የከረመው የተከላካይ ክፍል ነው። ባልቲሞር ሬቨንስን 15 ለ6 ሲረቱ ኮልትሶች አንድም ታችዳውን አላስቆጠሩም። አስራ አምስቱንም ነጥብ አዳም ቪናቲዬሪ ነው አምስት ጊዜ በእግሩ መትቶ ያመጣው።

ከፓትሪየትስ ጋር ደግሞ 21 ለ3 ከመመራት ተነስተው 38 ለ34 አሸነፉ። ማኒንግ ያን ምሽት ድንቅ ነበር፤ እንክዳለን አንልም። ነገር ግን የማሸነፊያዋን ታችዳውን ሮጦ ያስገባው ጆሴፍ አዳይ ነው፤ የብሬዲን የመጨረሻ ኳስ የነጠቀውም ማርሊን ጃክሰን። ፌብሩዋሪ 4 ቀን ቺካጎ ቤርስን 29 ለ17 ረቱና ማኒንግ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። አሰልጣኙ ቶኒ ዳንጂ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ የሆነው በዚያ ቀን ነው። ክርክሩ ግን ከአንድ ሰው ክንድ አልወጣም ነበር።

ሒሳቡን እንየው። ማኒንግ በእነዚያ አራት ጨዋታዎች ሦስት ታችዳውን አቀብሎ ሰባት ኳስ ተነጥቋል። በዚህ ቀለበት አጠለቀ። ወደ ዴንቨር ብሮንኮስ ከተሻገረ በኋላ በ2013 55 ታችዳውን በማቀበል አዲስ ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ፣ ሱፐር ቦውሉን በሲያትል ሲሃውክስ 43 ለ8 ተሸነፈ። በ2015 ክንዱ ዝሎ በመደበኛው ውድድር ዘጠኝ ታችዳውን አቀብሎ 17 ኳስ ሲነጠቅ ደግሞ ሁለተኛ ቀለበቱን አገኘ። የዚያ ሱፐር ቦውል ኮከብ ተከላካዩ ቮን ሚለር ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ኳርተርባክን ስንፈርድበት ሃምሳውንም ሎሚ እሱ ላይ እንጭናለን፤ ስናወድሰው ደግሞ የሃምሳውን ሰው ጌጥ ለእሱ እንሰጣለን።

ማኒንግ በ2021 የዝነኞች አዳራሽ ገብቷል፤ ይገባዋልም። ግን ቪናቲዬሪ አምስቱን ባይመታ፣ ጃክሰን ያቺን ኳስ ባይነጥቅ፣ ስለ እሱ የምናነበው ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። ሰውየው ግን ያው ማኒንግ ነበር።