ዋልያን ከማን ደጅ?

በዙሪክ የአራዊት መጠበቂያ በስሜን ተራሮቻችን ስም የተሰየመ ገደል አለ። ጭላዳ ይግጥበታል፤ ዋልያ ግን የለበትም።

ስዊሶች የአገራቸውን የዋልያ ዘመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአደን ጨርሰውት ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1906 ከኢጣልያው ንጉሥ ከቪክቶር አማኑኤል 3ኛ የአደን ክልል ግልገሎችን በስውር አስወጥተው አራቡ፤ በ1911 ወደ ተራራው ለቀቁ። በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ የወሰደው ይኸው ንጉሥ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ አቤት ያሉትም በዚያው ዓመት የእርሱ መንግሥት በፈጸመው ወረራ ላይ ነበር።

የስሜን ፓርክ በ1969 ተቋቁሞ በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣውም በ2017 ነው።

ስዊሶች ያጠፉትን የሚሰርቁበት ጎረቤት ነበራቸው። ዋልያ ግን ከስሜን በቀር ሌላ ዱር የለውም፤ እኛ ካጠፋነው ከማን ደጅ እንሰርቃለን?