የጤናው ቱር

እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ቶም ሲምፕሰን ጁላይ 13 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. (የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሞን ቫንቱ ተራራ ጫፍ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወድቆ ሞተ። ከማሊያው ኪስ ሦስት የአምፌታሚን ብልቃጦች ተገኙ፤ ሁለቱ ባዶ ነበሩ። ሊያድነው የሞከረው የቱር ደ ፍራንስ ሐኪም ፒየር ዱማ ለተራራው አዲስ አልነበረም። በ1955 ፈረንሳዊው ዣን ማሌዣክ እዚያው ራሱን ስቶ ሲወድቅም የደረሰለት እሱ ነበር።

የሲምፕሰን ስም በተነሳ ቁጥር አምፌታሚኑ አብሮ ይነሳል። የውድድሩ ደንብ ግን እምብዛም አይነሳም። በዚያ ዘመን አንድ ተወዳዳሪ በቀን የሚፈቀድለት አራት ኮዳ ውሃ ነበር፤ በድምሩ ሁለት ሊትር ያህል። ውሃ ጥም የጠናባቸው ብስክሌተኞች መንገድ ዳር ካሉ ቡና ቤቶች ዘው እያሉ ያገኙትን ጠርሙስ አንስተው ይወጡ ነበር። ሲምፕሰን በዚያ ቀን የተጎነጨው ብራንዲም ከእንዲህ ያለ ዘረፋ የተገኘ ነው። ሙቀቱ፣ ዳገቱ፣ አልኮሉና መድኃኒቱ ባንድነት ገደሉት፤ ከአራቱ ሦስቱ ላይ የአዘጋጆቹ እጅ አለበት።

አዘጋጆቹ ዣክ ጎዴና ፌሊክስ ሌቪታንም ትምህርቱን የወሰዱ መስለው ነበር። የ1968ቱን ውድድር «የጤና ቱር» አሉት። መነሻውን በማዕድን ውሃዋ በምትታወቀው በቪቴል ከተማ አደረጉት። ርቀቱን ከ4,779 ወደ 4,492 ኪሎ ሜትር ዝቅ አደረጉ፣ ተራሮቹን አለዘቡ፣ በየዕለቱ የሽንት ምርመራ እንዲኖር ወሰኑ። ውጤቱስ? ጋዜጠኞች ውድድሩ አሰልቺ ሆነ ብለው ጻፉ፣ ሌቪታን ጥፋቱን በእነሱው ላይ አላከከ፣ እነሱም በተቃውሞ መንገድ ላይ ቆሙ። ሁለት ፈረንሳውያን፣ ዣን ስታብሊንስኪና ሆሴ ሳሚን፣ በምርመራ ተይዘው ከውድድሩ ተባረሩ። ያጋለጣቸው ምርመራው እንጂ የመንገዱ መቅለል አልነበረም። ሆላንዳዊው ያን ያንሰን የመሪውን ቢጫ ማሊያ አንድ ቀን እንኳ ሳይለብስ ቆይቶ፣ በመጨረሻው ቀን በ38 ሰከንድ አሸነፈ። በ1970 ደግሞ ውድድሩ ወደ ሞን ቫንቱ ተመለሰ።

ዶፒንግን ከርቀት ጋር ማያያዝ ያኔ አልተጀመረም። በ1924፣ ከ5,400 ኪሎ ሜትር በላይ በሚጋለብበት ዘመን፣ ውድድሩን አቋርጠው የወጡት የፔሊሲዬ ወንድማማቾች ኮካይናቸውን፣ ክሎሮፎርማቸውንና እንክብላቸውን ለጋዜጠኛው ለአልቤር ሎንድር አውጥተው አሳይተውታል። የዚያ ዘመን መድኃኒት ሕመምንና ድካምን መሸሸጊያ ነበር። ስለዚህ «መንገዱ ይጠር፣ መድኃኒቱም ይቀራል» የሚለው ሐሳብ ለጊዜው ከእውነት የራቀ አልነበረም።

ከመድኃኒት ይልቅ ሙቀትን የሚመለከት ሌላ መዝገብም አለ። በ1960 በሮም ኦሊምፒክ፣ በ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ውድድር፣ ዴንማርካዊው ክኑድ ኢኔማርክ የንሰን በሐሩር ወድቆ ሞተ። ገዳዩ አምፌታሚን ነው የሚለው ወሬ በሰፊው ተሠራጭቷል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው፣ እኔም አልቀበለውም። በዚያው ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ሙቀቱን ሽሽት የተጀመረው ወደ ማምሻው ላይ ሲሆን፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው መንገዱ በችቦ ከበራ በኋላ ነው። ሰዓት መምረጥ ሕይወት ሊያድን እንደሚችል የሮም አዘጋጆች ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ የብስክሌቱን ግን በቀን አደረጉት።

በ1990ዎቹ ኢፒኦ የተባለው ሆርሞን ሲገባ ግን «መንገዱ ይጠር፣ መድኃኒቱም ይቀራል» የሚለው አስተሳሰብ መሠረቱ ተናደ። ኢፒኦ ድካምን አይሸሽግም፤ ቀይ የደም ሴሎችን አብዝቶ ጡንቻ የሚያገኘውን ኦክስጅን ይጨምራል። ቀላል ቀን ላይም፣ አጭር ዳገት ላይም ይሠራል። ገዢው ደግሞ ውድድሩን መጨረስ ያቃተው ሰው ሳይሆን ከጎኑ የሚጋልበውን መቅደም የፈለገ ነው፤ መንገዱ ሲያጥር ለሁሉም ስለሚያጥር በመካከላቸው ያለው ፉክክር አይላላም።

በጁላይ 1998 የፌስቲና ቡድን ሠራተኛ ዊሊ ቩት መኪና ሙሉ መድኃኒት ይዞ በፈረንሳይና በቤልጂግ ድንበር ተያዘ። የሚቀጥለው ዓመት ውድድር «የተሐድሶ ቱር» ተባለ፤ የአሸናፊው አማካይ ፍጥነት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አለፈ። በ2002 ርቀቱ 3,278 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ከጤናው ቱር ከ1,200 በላይ ያንሳል። ሁለቱንም ያሸነፈው ላንስ አርምስትሮንግ ሲሆን፣ በ2012 ከ1999 እስከ 2005 ያገኛቸው ሰባት ድሎች በሙሉ ተሰረዙበት።