እንክርዳድ ከአውድማ እስከ ግርግም

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንክርዳድ ታሪክ ነው። «አረም ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! ታሪኩም እስከ ከብቶቻችን ግርግም ይደርሳል።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ኮሶዬ ይገኛል። ብርድ የጸናበት የገብስ አገር ነው። ስሙ ኮሶን ያስታውሳል። ኮሶ ሲመጥኑት የትል መድኃኒት፣ ሲያበዙት መርዝ መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ኮሶ ግን በምሬቱ ራሱን ያስታውቃል። እንክርዳድ እህል መስሎ ነው የሚገባ። በቡቃያነቱ ከስንዴ ለመለየት ዓይን ይቸገራል። ዛላ ሲያወጣ ነው የሚጋለጠው።

ዕድሜው ረጅም ነው። በግብፅ አገር ከ4000 ዓመት በላይ በቆየ መቃብር ውስጥ የእንክርዳድ ፍሬ ተገኝቷል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጠላት በስንዴው መካከል ዘራው የተባለውም ይኸው ነው። ፈረንሳዮች ያወጡለት ስም ከስካር የመጣ ነው። የበላው ሰው ራሱ ይዞራል፤ ዓይኑ ይፈዛል፤ ይንገዳገዳል።

ነገር ግን እንክርዳድ ሌላ ጠላት አያስፈልገውም። የሚዘራው ገበሬው ራሱ ነው። ፍሬው እንደ ሲናር ቶሎ አይረግፍም። ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፤ ከገብሱ ጋር ይወቃል፤ ጎተራ ገብቶ ይከርማል። በዘር ጊዜ ተመልሶ ማሳ ይገባል። በአውሮፓ ዘር የሚያበጥር መኪና ሲመጣ እንክርዳድ ከእርሻው እየጠፋ ሄደ። በእኛ ደጋ ግን የሚለየው ወንፊት፣ ሰፌድና የእናቶች ጣት ነው።

መርዙ ከየት መጣ? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ተመራማሪዎች የእንክርዳድን ፍሬ በአጉሊ መነጽር ሲያዩ፣ በውስጡ ቀጭን የሻጋታ ክር አገኙ። ይህ ሻጋታ ከውጭ አይታይም። ከፍሬው ጋር ይዘራል፤ ከቡቃያው ጋር ያድጋል። ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1981፣ በኒውዚላንድ አገር ተመሳሳይ ነገር ታወቀ። እዚያ የእንክርዳድ ዘመድ በሆነ የግጦሽ ሣር ላይ የተሰማሩ በጎች ሲነዱ ይንቀጠቀጡና ይወድቁ ነበር። ሣሩ ለምለም ነው፤ የሚያስጠረጥር መልክ የለውም። መርዙን የሚሠራው በሣሩ ውስጥ የሚኖር ሻጋታ ሆኖ ተገኘ።

ኤርጎት የሚባል ሌላ ሻጋታም አለ። ይህኛው በዓይን ይታያል። በዛላው ላይ፣ በፍሬው ቦታ፣ ጥቁር ቀንድ መስሎ ይወጣል። በ1970 ዓ.ም. በወሎ ክፍለ ሀገር ያደረሰው ጉዳት ከባድ ነበር። በገብሱ መካከል የበቀለው ሲናር ኤርጎት ይዞ ኖሯል። ያንን እህል የበሉ ብዙ ሰዎች ታመሙ። የእጅና የእግራቸው ደም መዘዋወር አቃተው፤ ሥጋቸው ጠቆረ፤ ደረቀ። እግሩ የተቆረጠ አለ፤ የሞተም ብዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 በአርሲም ይኸው በሽታ በገብስ ምክንያት ታየ። «ለምን አልለቀሙትም?» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። የተራበ ቤት ግን እህል አያማርጥም።

ከብትስ? ከብት ጭራሽ አይለቅምም። ኤርጎት ያለበት ሣር ወይም ግርድ የበላች ላም ወተቷ ይነጥፋል። የኋላ እግሯ ያነክሳል። የጆሮዋና የጅራቷ ጫፍ ይደርቃል፤ ሰኮናዋም እስከ መውለቅ ይደርሳል። መርዙ የደም ሥርን ያጠባል፤ ብርድም ያጠባል። ስለዚህ እንደ ኮሶዬ ባለ ውርጭ አገር ጉዳቱ ይብሳል። በሬው ሲያነክስ «ብርድ መታው» እንላለን። ምክንያቱ ግን ግርግሙ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በሬው ከወደቀ ደግሞ ማን ያርሳል?

ለራሳችን እህሉን እናበጥራለን፤ እንለቅማለን። የተለቀመውስ የት ይሄዳል? «ለጥጃ ይሁን» ይባላል። በስንት ቁና እህል ውስጥ ተበትኖ የነበረው መርዝ ባንድ ገበታ ተከማችቶ ለእንስሳ ቀረበ ማለት እኮ ነው! እንዲህ ያለው ግርድ መቃጠል ወይም በጥልቅ መቀበር አለበት።

ድርቆሽም ሣሩ ሳያፈራ፣ በአበባው ጊዜ ቢታጨድ ይመረጣል። ኤርጎት የሚያድገው በፍሬው ቦታ ነውና። «በዚያ ጊዜ ዝናቡ መች አባራ? ድርቆሹ ይሻግታል» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ ደጋ ላይ ይህ ያስቸግራል። ቢያንስ ጥቁር ቀንድ የታየበት የመስኩ ክፍል ለብቻው ታጭዶ ይወገድ፤ ከብትም አይሰማራበት።

ለዘር የሚቀመጠውን ገብስ በተመለከተ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ብዙ ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ ሲጨመርና ሲማሰል ኤርጎቱ ይንሳፈፋል። ከላይ ገፍፎ ማውጣት ነው። ከዚያ ዘሩ በንጹሕ ውሃ ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣል።